ሳልጠርግ ያነሳሁት ዓይን

ጡረታ ወጥቼ ከሚሴ ከተመለስኩ ጀምሮ እስካለፈው ሰሞን ድረስ የማይገባኝን ክብር ስበላ ነው የኖርኩት። ባጃጅ ነጂዎቹ «ዶክተር» ይሉኝ ነበር፤ አይደለሁም ብዬ ብዬ ሰልችቶኝ ተውኩት። ሚኒባስ ስሳፈር ጋቢና ይለቀቅልኛል። ገበያ መሃል ቆሜ ሽንኩርት ስመርጥ ከኋላዬ «ይሄ'ኮ የሰንበቴውን ሁሴንን ከካንሰር ያወጣው ሰው ነው» ይባላል፣ እኔው እየሰማሁ። ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መሬቷ አልተሰነጠቀችም፤ እኔም አፌን አልከፈትኩም። ሽንኩርቴን ይዤ ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

ሰው የሥራ ዘመኑን ሲጽፍ ሹመቱንና ሽልማቱን ይደረድራል። እኔም አንድ ሁለት የምስክር ወረቀት አላጣም። ሚስቴ በመስታወት አስገጥማ ሳሎን ሰቅላቸዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ጀርባዬን ሰጥቻቸው እቀመጣለሁ። ለመጻፍ የተቀመጥኩት ግን ስለ አንድ ዓይን ነው። ዓይኑ የአያ ሁሴን ነበር፤ ከማኅደሩ ያስወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ቢላዋውን የያዘው ሌላ ነው፣ እሱ አይቆጠርልኝም።

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ከሚሴ፣ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ወባ ስፈልግ እውል ነበር። ከዚያ ለትምህርት አዲስ አበባ ተላክሁ፤ ስጨርስ አንድ ትልቅ ሆስፒታል የኑክሌር ሕክምና ክፍል መደቡኝ። እናቴ «ኑክሌር» የምትለዋን ቃል ከሬዲዮ ታውቃት ስለነበር ልጄ ቦምብ ሊሠራ ነው ብላ ሰንብታ አለቀሰች። ኧረ መድኃኒት ነው እማ፣ በወፍራም የእርሳስ ብረት ዕቃ የሚቀመጥ፣ ብዬ ባስረዳት፣ «መድኃኒት ከሆነ ታዲያ ለምን እርሳስ ውስጥ ትደብቁታላችሁ?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤክስሬይ ጨረሩን ከውጭ ይልካል፤ የኛ ካሜራ ምንም አይልክም። ጨረር ያለበት መድኃኒት ለበሽተኛው በመርፌ እንሰጣለን። መድኃኒቱ በደም ዞሮ ዞሮ የሚስማማው ቦታ ይሰበሰባል፤ ካሜራው ደግሞ ከሰውየው ገላ የሚወጣውን ጨረር እየተቀበለ ነጥብ በነጥብ ምስል ይሠራል። ወደ አጥንት የሚሄድ መድኃኒት አለ፤ ወደ ልብ የሚሄድ አለ፤ ወደ ኩላሊት የሚሄድ አለ። ጨረሩ የሚመጣልን በአውሮፕላን፣ በከባድ የእርሳስ ዕቃ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት የጨው ውሃ እናሳልፍበታለን፤ ውሃው ጨረሩን ይዞ ወደ ጠርሙሱ ይወርዳል። ይህን «ማለብ» እንለው ነበር፤ ዕቃውን ደግሞ «ላሚቱ»። ሰኞ እንደ ጉድ ትታለባለች፣ ዓርብ ሲደርስ ትነጥፋለች። የታለበውም ቢሆን አይቆይም፤ ጠዋት ከነበረው ከሰዓት በኋላ ግማሹን አታገኘውም። ስለዚህ ኑሯችን ጥድፊያ ነበር። አንድ ስብሰባ የሚወድ የክፍል ኃላፊ ነበረን፤ እሱ ስለ ሰዓት አከባበር ሲያስተምረን መድኃኒታችን ጠርሙሱ ውስጥ ይሞት ነበር። ደሞዙንማ አታንሱብኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ የክፍሉ ዋና ቴክኖሎጂስት ጋሽ ተፈራ ናቸው። አጭር፣ ቁጡ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ ሰው ነበሩ። ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ እርጥብ ፋሻ በላስቲክ ጠቅልለው ይይዛሉ። ምስል ላይ ያልታሰበ ነጥብ ሲበራ ሌላው ሰው ሐኪም ሊጠራ ይሮጣል፤ ጋሽ ተፈራ ፋሻቸውን ያወጣሉ። የበሽተኛውን ቆዳ ይጠርጋሉ፣ ልብሱን ያስወልቃሉ፣ እንደገና ያነሳሉ። ቀጥለው ከጎን ያነሳሉ። ነጥቡ ከጠፋ እድፍ ነበር፤ ካልጠፋ በሽታ ነው። «መጀመሪያ ጥረግ፣ ከዚያ ደንግጥ» ይሉ ነበር። ምክንያቱም መድኃኒቱ በሽንት ይወጣል። አንዲት ጠብታ ልብስ ላይ ካረፈች ካሜራው ልብስና አጥንት አይለይም፤ ዕጢ አድርጎ ያሳይሃል።

አንድ ጊዜ ከሰላሌ የመጡ አዛውንት ጭናቸው ላይ ትልቅ ነጥብ በራ። ጀማሪ ነበርኩና «አለቀላቸው፣ ካንሰሩ ተሰራጭቷል» ብዬ ሐኪም ልጠራ ተነሳሁ። ጋሽ ተፈራ ገብተው አዩና «አባቴ፣ ሱሪዎን ያውልቁ» አሏቸው። ያለ ሱሪ ሲነሱ ጭናቸው ንጹሕ ነው። ለካ ነጥቡ ሱሪው ላይ ኖሯል! ጨረሩ እስኪሞት ሱሪውን የእርሳስ ሳጥን ውስጥ ቆለፍንበት። አዛውንቱ በሆስፒታል ፒጃማ በሩ ላይ ቆመው «በሽታ የለብህም ትሉኛላችሁ፤ ታዲያ ሱሪዬን ምን አጠፋ ብላችሁ አሰራችሁት?» እያሉ ጮኹ። ጋሽ ተፈራ ከልባቸው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ወደኔ ዞረው «ሳንጠርግ ብንልክ ኖሮ'ኮ እኚህ ሰው ሞቴ ደርሷል ብለው ከብታቸውን አከፋፍለው ነበር» አሉኝ።

ሌላው ልማዳቸው ፊት መጠበቅ ነው። የዓይናቸው ብሌን ላይ እንደ ድመት ዓይን ነጭ የሚያበራባቸው ሕፃናት ይላኩልን ነበር፤ የዓይናቸው ነቀርሳ ወደ አጥንት መዝለቅ አለመዝለቁን እንድናይ። ሕፃኑን ጋሽ ተፈራ ራሳቸው ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ እያንጎራጎሩለት ነው የሚያስነሱት። እናቶቹ ካሜራውን አያዩም፤ የሚያዩት የኛን ፊት ነው። «ፊትህ አይናገር» ይሉኝ ነበር። «ደስታም ቢሆን አይናገር። ያልተጣራ ደስታ ከሐዘን ይብሳል።» ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼ ስንት ጊዜ ራሴን ነቅንቄያለሁ! ራስ መነቅነቅ ቀላል ነው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዲት የዓይን ሐኪም ጥናት ይዛ ወደ ክፍላችን መጣች። በትልቅ ሰው ዓይን ውስጥ የሚበቅል ጥቁር ዕጢ አለ፤ ከቆየ የረጋ ደም ጋር ይመሳሰላል፤ በመብራትም በአልትራሳውንድም ታይቶ የሚያወላውልበት ጊዜ አለ። ለልብ ምርመራ የምንሰጠው መድኃኒት ዕጢ ውስጥ ይሰበሰብ ይሆን፣ ዕጢውን ከደሙ ይለይልን ይሆን፣ ነበር ጥያቄዋ። መርፌው እንደተሰጠ አንዴ እናነሳለን፤ ቆይተን ደግሞ እንደገና። ዕጢ ከሆነ ቆይቶ መብራት ነበረበት። ብዙ ሰው አነሳን፤ እርግጡን የሚናገር ምስል ግን አልመጣም። ዶክተሯ ተስፋ ወደ መቁረጡ ተቃርባ ነበር። እኔ ደግሞ፣ ለምን እደብቃለሁ፣ የሚያበራ ዓይን ማንሳት ከሷ ይበልጥ እመኝ ነበር። ስምህ ከጥናቱ ላይ ይጻፋል ብላኝ ነበርና በሐሳቤ ስንት ጊዜ ተጽፎ አነበብኩት።

አያ ሁሴን የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሰንበቴ ገበያ ከብት የሚነግድ፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ ረጅም ሰው ነው። ከአፋር በኩል የመጣውን ወይፈን ከደጋው ገበሬ ያገናኛል፤ የወይፈኑን አፍ ሳይከፍት ከሩቅ አረማመዱን አይቶ ዕድሜውን ይናገራል። አንዱ ወይፈን በቀንዱ ግራ ዓይኑን መታው። ቁስሉ ሲድን ዓይኑ ውስጥ ጥቁር ነገር ተቀመጠ። ዓይኑ ግን ጨርሶ አልጠፋም ነበር። «ሰው ሲያልፍ አያለሁ፤ ማን እንደሆነ ነው የማላውቀው» ይል ነበር።

ካርዱ ላይ ሰንበቴ የሚለውን ሳነብ በኦሮምኛ «አካም ጅርታ?» አልኩት። እንዴት ነህ ማለቴ ነው። ከወንበሩ ተስፈንጥሮ አቀፈኝ። «ያረቢ! በዚህ ሁሉ ብረት መሃል የአገሬ ሰው!» ስሜን ጠየቀኝ፤ መሐመድ ስለው እዚያው በዚያው «ሙሔ» አደረገኝ። ኦሮምኛውንና አማርኛውን እያቀላቀለ ሲያወራኝ የኔም አፍ ተፈታ። ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ ጭንቅላቱን በአሸዋ ከረጢት ግራና ቀኝ ስደግፈው፣ ግንባሩን በማሰሪያ ስይዘው፣ «ኧረ ሙሔ፣ የመታኝ ወይፈን እንኳ እንዲህ አልተጠፈረም!» ብሎ አሳቀኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከብት ቢሆን አይቼ እኔ እነግርህ ነበር። የኔን ዓይን ግን አንተ እይልኝ።»

ቀኑ ዓርብ ነበር። ጋሽ ተፈራ ለቅሶ ሄደው የሉም። መርፌውን ሰጠሁትና የመጀመሪያውን ምስል አነሳሁ፤ ዓይኑ ላይ ምንም የለም። ውሃ በደንብ ጠጣ፣ ቶሎ ቶሎ ሽና ብዬ አዘዝኩት፤ ለሁሉም የምንለው ነው። የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ «መስጊድ በየት ነው?» አለኝ። አብረን እንሄዳለን አልኩት። የዚያን ቀን ደግሞ የሆስፒታሉ ውሃ ሄዷል። ሥራ ቦታ የማላጣት አንዲት ኩስኩስት፣ የመታጠቢያ ማንቆርቆሪያ፣ ነበረችኝ፣ ጠዋት ከቤት የሞላኋት፤ ለሱ ሰጠሁት። መጸዳጃ ቤት ገባ፣ ሸንቶ በሷው ታጠበ፣ በተረፈችው ውሃ ፊቱን፣ እጁንና እግሩን ለሰላት አጥቦ ውዱእ አደረገ። ሲወጣ የሽርጡ ጫፍ ረጥቧል። የታመመች ዓይኑ ታነባ ስለነበር በዚያው በሽርጡ ጫፍ ያብሳታል። እስከ መስጊድ እያበሳት ሄደ፣ እያበሳት ተመለሰ።

አጠገቡ ነበርኩ። አይቻለሁ። መድኃኒቱ በሽንት እንደሚወጣ የሚያውቅ፣ ሙስሊም ለሰላት እንዴት እንደሚታጠብ የሚያውቅ፣ የኩስኩስቷ ውሃ ጥቂት እንደነበረ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሁሉ ሆስፒታል ውስጥ ከኔ በቀር አልነበረም። ሌላ ሰው ቢያጠፋው ባለማወቅ ይባልለት ነበር።

ሁለተኛውን ምስል ሳነሳ ግራ ዓይኑ ቦግ አለ። እጄ ከኪሴ ገብቶ ፋሻውን ነክቷል፤ ጋሽ ተፈራ አስለምደውኝ እኔም እይዝ ነበር። አላወጣሁትም። ላሚቱ ነጥፋለች፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ወረፋ የሚጠብቅ በሽተኛ አለ፣ ብዬ ለራሴ አወራሁ። ሰበብ ነው፤ ሁሉም ሰበብ ነው። እውነቱ፣ ብጠርገው ነጥቡ እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። ከጎንም አላነሳሁም። ስልኩን አንስቼ ዶክተሯን ጠራኋት። እየሮጠች መጥታ ምስሉን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። «መሐመድ፣ አገኘነው እኮ!» አለች። እኔም ጥርሴን መክደን አቃተኝ። አያ ሁሴን እንደተጠፈረ ተጋድሞ ፊቴን ያይ ነበር። «ደግ ነገር ነው አይደል ሙሔ? ስትስቅ አየሁህ» አለኝ። አፈር ልብላ፣ «አብሽር፣ አይዞህ» አልኩት።

ሰኞ ጋሽ ተፈራ ገቡ። ከሳቸው ይሁንታ ውጭ ምስል ከክፍላችን አይወጣም። ምስሉ ላይ ብዙ ቆዩ። «ጠርገህ ደግመኸዋል?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ፤ «ጥሩ» አሉና አሳለፉት። ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ አመኑኝ። ያን ሰዓት አልጠረግኩም ብል ምን ይመጣብኝ ነበር? አንድ ቀን ይቆጡኛል፣ አዲሷ ላሚት ታልባ መርፌው ይደገማል፣ በቃ። ለአንድ ቁጣ ብዬ የሰው ዓይን ሰጠሁ።

ወደ ቀዶ ጥገና ሊያስገቡት ሲሉ አያ ሁሴን አስጠራኝ። «ዓይንህ ይውጣ ይሉኛል። አንተ ምን ትላለህ?» አለኝ። ሐኪሞቹ አንድ ባንድ አስረድተውታል፤ እሱ ግን የሚጠብቀው የኔን ቃል ነበር። «ይውጣ አያ። ወደ ጭንቅላትህ ከዘለቀ አትተርፍም» አልኩት። «አንተ ካልክ ይውጣ፤ ቢስሚላህ» ብሎ አልጋው ላይ ተጋደመ።

የወጣው ዓይን ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ ራሷ ይዛው ወረደች። ካንሰር የለም። የቆየ የረጋ ደም ነው። አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ታዲያ ምስሉ ለምን በራ?» አለች። ጋሽ ተፈራ ምስሉን አውጥተው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቀረቡት። ነጥቡ የዓይኑ ኳስ ላይ አልነበረም፤ ዝቅ ብሎ ከታችኛው ቆብ ቆዳ ላይ ነው። ከጎን ተነስቶ ቢሆን ኖሮ ተማሪም ይለየው ነበር።

ወደኔ ሳይዞሩ «በሁለቱ ምስል መሃል የት ሄደ?» አሉ።

«ጁምዓ» አልኩ።

«ታጠበ?»

«ታጠበ።»

«ውሃ ነበር?»

ጥግ ያስቀመጥኳትን ኩስኩስት አየሁ።

«አልጠረግከውም» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ «እኔ ይሄን ላላውቅ እችላለሁ ልጄ። አንተ ግን…» ብለው ሳይጨርሱት ወጡ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከሥራ ጉዳይ በቀር አላናገሩኝም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ ጥናቱም ቆመ፤ እሱን ረስቼዋለሁ። «ልጄ» ብለው የጠሩኝ ግን ለመጨረሻ ጊዜ እንደነበረ አልረሳም።

ዶክተሯ እውነቱ ለአያ ሁሴን እንዲነገረው ቁርጥ አድርጋ ተናገረች። «በኔ የሐኪም አማርኛ ከምነግረው አፉን በፈታበት ቋንቋ አንተ ንገረው። ጥፋታችንን እንዳትደብቅ፤ ይቅርታ እንደምንጠይቀውም ንገረው» አለችኝ። አብረን ገባን። እሷ ከአልጋው ግርጌ ቆመች፤ እኔ ራስጌው ተቀመጥኩ። ልናገር አፌን ስከፍት በቀረችው ዓይኑ እንዲህ ተስገብግቦ አየኝ። እኔስ ምን አልኩት? «ክፉው ነገር ከነሥሩ ወጥቷል፤ ድነሃል አያ» አልኩት፣ ጥርት ባለ ኦሮምኛ። «ገለቶሚ፣ ገለቶሚ ሙሔ» እያለ፣ ምስጋናውን እያዘነበ፣ እጄን ስቦ ሳመው። ኦሮምኛ የማትሰማው ዶክተሯ ይህን ስታይ እንባዋ መጣ። «እንዴት ያለ ሰው ነው! ይቅር አለን ማለት ነው?» አለችኝ ከክፍሉ ስንወጣ።

«አዎ» አልኩ። እሷ የዚያኑ ሰሞን ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛወረች፤ እስከ ዛሬ ይቅር እንደተባለች ነው የምታውቀው።

ከዚያ በኋላ ስላለው የሥራ ዘመኔ ብዙ የምለው የለኝም። ጠረግኩ። ማንንም ሳልጠርግ አላነሳሁም፤ ነጥብ ያልታየበትንም እጠርግ ነበር። ተማሪዎቼ «አቶ ፋሻ» የሚል ስም አወጡልኝ። ጥንቃቄ መስሏቸው ያደንቁኛል፤ አንዱ እንዲያውም በስንብቴ ቀን ስለ ጥንቃቄዬ ንግግር አደረገ። ኬኩን ሳልቀምስ አስቀመጥኩት።

ከሚሴ ስመለስ አያ ሁሴን ሰምቶ የመጀመሪያው ጠያቂዬ ሆነ። በየአረፋው ሙክት ይልክልኛል፤ ልጆቹን ሰብስቦ «ከአላህ በታች ያተረፈኝ ይሄ ነው» ይላቸዋል። ሚስቴ ሥጋውን ሠርታ ስታቀርብልኝ «ምነው አትበላም? ሰውየው እኮ ወዶህ ነው» ትለኛለች። እበላለሁ። ደግሞ ይጣፍጣል፤ ይህም ያሳፍረኛል።

ባለፈው ሰሞን ታዲያ አያ ሁሴን ፊቱ ጠቁሮ ቤቴ መጣ። የመጨረሻ ልጁ ዘሐራ አስተማሪ ናት። ከባቲ ለትዳር ተጠይቃለች፤ ልጁን ወዳዋለች፣ እሱም ወዷታል። በኛ አገር ግን ኒካሕ ከመታሰሩ በፊት ሽማግሌ ዘር ያጣራል።

«ምን ቢሉ ጥሩ ነው ሙሔ? ዘራቸው ካንሰር አለበት፣ ነገ የሚወለደው ዓይን ያጣል፣ ብለው ሊተዉት ነው። ከዚህ በፊትም አንዱ ጠያቂ መጥቶ በዚሁ ነገር ቀርቷል፤ ለዘሐራ አልነገርኳትም። ሁለተኛ ከቀረ ሦስተኛ የሚመጣ የለም። አንተ የምታውቅ ሰው ነህ። ከሽማግሎቹ ጋር ቁጭ ብለህ አይወርድም በልልኝ።»

ሄድኩ። ሄጄ አይወርድም ብዬ እመለሳለሁ፣ ብዬ ነው የሄድኩት። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።

ሰንበቴ፣ አያ ሁሴን ቤት፣ ሽማግሎቹ መደቡ ላይ ተደርድረዋል። የባቲዎቹ አፈ ጉባኤ ሼህ አደም የሚባሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ አዛውንት ናቸው። «እህ ሐኪሙ፣ ይወርዳል ወይስ አይወርድም?» አሉኝ። «እንዲህ ያለው የትልቅ ሰው የዓይን ካንሰር እንደ ወትሮው ከአባት ወደ ልጅ አይወርድም» አልኩ።

«የጎረቤቴ ልጅ ዓይኑ ነጭ ሆኖ ሞተ። ታናሹም ተከተለው። ያስ አይወርድም?»

«ያ የሕፃናቱ ነው፤ እሱ… ይወርዳል። ይሄኛው ሌላ ነው።»

ሼህ አደም ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየህ ልጄ፣ ይወርዳልም አይወርድምም አልክ። አንተን አልዋሽም፤ እኛ የሰው ልጅ አደራ ይዘናል። ባንገፋበት ይሻላል።» ምርኩዛቸውን ወደ እጃቸው ሳቡ።

አያ ሁሴን ከመደቡ ወርዶ መሬት ተቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ። ለገዢ ለሻጭ አንገቱን የማይደፋ ሰው ግንባሩ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረው። «አባቶቼ፣ ካንሰሩ የኔ ነው። አላህ ለኔ የሰጠኝ ነው፣ ከኔ ጋር ይቀበራል። ልጄ ምን አጠፋች? በኔ ገላ ምክንያት ልጄ ላይ አትፍረዱ» አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ዘሐራ ስቅስቅ ስትል ይሰማል። ሰውየው ኖሮበት በማያውቅ በሽታ ይለምናል፤ እኔ ትራስ ተደግፌ ተቀምጫለሁ።

«አልነበረም» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም።

«ካንሰር አልነበረም!» ብዬ ጮህኩ። «ከመጀመሪያውም አልነበረም። የረጋ ደም ነው።» ከዚያ ወዲያ የሚያቆመኝ ጠፋ። ኩስኩስቷን፣ ሽርጡን፣ ፋሻውን፣ ለጋሽ ተፈራ የዋሸሁትን፣ ራስጌው ተቀምጬ የዋሸሁትን፣ ሁሉንም አወጣሁት። ስጨርስ ድምፄ አልነበረም።

«ወላሂ በል» አሉ ሼህ አደም።

«ወላሂል ዓዚም።»

አያ ሁሴን ከወለሉ አልተነሳም። «ዓይኔስ?» አለኝ። «ቢቀመጥ ያይ ነበር?»

«ደሙ ሲጠራ ሊያይ ይችል ነበር አያ። ላያይም ይችል ነበር። አሁን ማንም ሊያውቀው አይችልም።»

ቀስ ብሎ ኮፍያውን አደረገ፤ ተነስቶ መደቡ ላይ ከሽማግሎቹ እኩል ተቀመጠ። «አባቶቼ፣ ሰምታችኋል። የልጄ ዘር ንጹሕ ነው።»

«ሰምተናል» አሉ ሼህ አደም፣ ምርኩዛቸውን መልሰው እያስቀመጡ። ለስምምነቱ ፋቲሓ ተቀራ። ከመጋረጃው ወዲያ እልል ሲሉ እኔ ጫማዬን እፈልግ ነበር።

እንግዳ ሳይሸኝ አይለቅምና አያ ሁሴን እስከ አስፋልቱ ተከተለኝ። አብሮት የሚሄደውን ሰው ዘወትር በሚያየው ዓይኑ በኩል ነው የሚያደርገው፤ ሰንበቴ ሁሉ ይህን ልማዱን ያውቅለታል። ያን ቀን ዞሮ መጣና በወጣው ዓይኑ በኩል አደረገኝ። ጎን ለጎን ሄድን፤ እኔ አየዋለሁ፣ እሱ አያየኝም። አስፋልቱ ዳር ስንደርስ እጁን ያዝኩት። «አያ፣ ሐቅህ ከኔ ጋር ነው። በአላህ ይሁንብህ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

እጁን አልነጠቀኝም፤ አልጨበጠኝምም። ሚኒባስ ሲመጣ በሌላው እጁ አስቆመልኝ። ፊቱን ከመንገዱ ሳይመልስ ነው የተናገረው።

«አውፍ ብዬሃለሁ ብዬ ልዋሽህ፣ ሙሔ?»

«አትዋሽ፣ አያ» አልኩትና ተሳፈርኩ።